ክላርኔቱ ቢት ላይ ሲወጣ ለምን ይሞትብኛል? (ክሌዝመርና የሮማ ዜማ ከዘመናዊ ጋር)

ኪቦርድ_ፍራንክፈርት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜና እሑድ የሐበሻ ሠርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ እንጀራዬ እሱ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ክሌዝመር የሚባለውን የአይሁድ የሠርግ ሙዚቃ የሚጫወት ሌላ ባንድ ውስጥ ገብቻለሁ። ክላርኔት የሚነፋው ከዩክሬን የመጣ አይሁዳዊ ነው፤ ስድሳን አልፏል። አኮርዲዮኑን የያዘው ከሮማኒያ የመጣ የሮማ (ብዙ ሰው ጂፕሲ የሚላቸው ሕዝብ) ልጅ ነው። ቢት፣ ቤዝና ላፕቶፕ የእኔ ድርሻ ነው።

ችግሬን ልንገራችሁ። አንድ የቆየ ቡልጋር መረጥን። ቡልጋር የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ሠርግ ላይ የሚጨፈርበት ፈጠን ያለ ስልት ነው። ከሥሩ የሃውስ (የክለብ ዳንስ) ቢት አነጠፍኩለት፤ በደቂቃ 124 ምት። ክሊኩን (ምት የሚቆጥረውን ድምፅ) ጆሯቸው ላይ ለቅቄ ቀረጽኳቸው። ቤት ገብቼ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ኖታዎቹን አንድ በአንድ ኳንታይዝ አደረግኩ፤ በኮምፒውተር ልክ ምቱ ላይ አሳረፍኳቸው። ያፈነገጠችውን ሁሉ መስመር አስገባኋት።

በማግስቱ ስሰማው ጽድት ያለ ነው። ግን የፈረንጅ ዶሮ ወጥ ሆኗል። መልኩ አለ፣ ጣዕሙ የለም።

ሽማግሌው ሄድፎኑን አንድ ደቂቃ እንኳ አላቆየውም። አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ሰዎቹ የት ሄዱ?» አለኝ። ከዚያ ሊያጨስ ወጣ።

ይኼን ነገር የሞከራችሁ ወይም የምታውቁ ካላችሁ፣ እንዴት ነው የሚቀላቀለው? የት ላይ ነው ማቆም ያለብኝ?

ማሲንቆ_ወዳጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡58

መጀመሪያ ለምን ይቀላቀላል? ሁሉም ነገር ቢት ካልገባበት ሙዚቃ አይደለም ያለው ማነው? በእኛ ዘፈን ላይ የደረሰውን አይተናል። ማሲንቆውን አምስት ሰከንድ መግቢያ ላይ ያሰሙሃል፣ ከዚያ ዱብ ዱብ። ሽማግሌው ልክ ነው።

ጋሼ_ሳክስ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ማሲንቆ ወዳጅ ግን ንጹሕና ያልተነካ ነገር የነበረ አስመሰልከው። አልነበረም።

ክሌዝመር የሚለው ቃል ከዕብራይስጥ «ክሊ» እና «ዜመር» የመጣ ነው፤ የዜማ ዕቃ ማለት ነው። «ዘመረ» ከሚለው የእኛ ቃል ጋር ዘመዳሞች ናቸው። መጀመሪያ ስሙ የመሣሪያው ነበር፣ ቀጥሎ የተጫዋቹ ሆነ፣ የሙዚቃው ስም የሆነው ገና ትናንት ነው። በዪዲሽ የሚናገሩ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች የሠርግ ሙዚቃ ነው።

አሁን ሞልዶቫና ዩክሬን የተካፈሉት ቤሳራቢያ የሚባል አገር ነበር። እዚያ የአይሁድ ክሌዝመሮችና ላውታሪ የሚባሉት የሮማ ሙዚቀኞች አንድ ሠርግ ላይ አብረው ይጫወቱ ነበር። ዜማ ይዋዋሳሉ። ቡልጋር የሚባለው ያንተ ዘፈን ራሱ ከዚያ ሰፈር የወጣ ነው። ዶይና የሚባለው ምት የሌለው እንጉርጉሮ ደግሞ ከሮማኒያ እረኞች ነው የመጣው። አይሁዱም ሮማውም የራሱ አደረገው።

አሜሪካ ከገባ በኋላም አልቆመም። በ1938 (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ክላርኔተኛው ቤኒ ጉድማን ኒውዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ሲጫወት፣ ትራምፔተኛው ዚጊ ኤልማን ስዊንግ ጃዙ መሐል የክሌዝመር ጭፈራ ዜማ ዶለበት። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ያ ራሱ ዘመናዊ ቅልቅል ነው።

እኛም ብንሆን ከየት መጣን? በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ከነጥሩምባቸው አምጥተው አይደል የናስ ባንዱ የተስፋፋው? ኬቮርክ ናልባንዲያን አስተማሩ፣ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ቀጠሉ። የምናለቅስበት ያ የድሮ ዘፈን የዚያ ቅልቅል ልጅ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ይቀላቀል አይቀላቀል አይደለም። ሥራ ላይ ነኝ፣ ስለ ምቱ ማታ እመለሳለሁ።

ሐይፋ_ቡና | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ጋሼ ደህና አደሩ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሰው «የአይሁድ ሙዚቃ» ሲል አንድ ነገር ይመስለዋል። የእኛ የቤተ እስራኤል ቄሶች በግዕዝ የሚጸልዩት ዜማና ክሌዝመር አይገናኙም። የየመን አይሁዶች ሌላ፣ የሞሮኮዎቹ ሌላ። እኔ ክሌዝመር መጀመሪያ የሰማሁት እዚህ እስራኤል ከመጣሁ ከዓመታት በኋላ ነው። ነሐሴ ላይ ጽፋት ከተማ የክሌዝመር ፌስቲቫል አለ፤ የድንጋይ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ሰማን። እናቴ ክላርኔቱን ሰምታ «ይኼ ሰውዬ ማን ሞተበት?» አለች። ሠርግ ነው የሚጫወተው ብላት አላመነችኝም።

ኪቦርድ_ፍራንክፈርት | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡10

ሐይፋ፣ በእናትሽ ሳቅኩ። ሽማግሌያችን የሚነግረን እሱን ነው። ያቺ ኖታዋ መጨረሻ ላይ ጉሮሮ ውስጥ ቅጭ የምትል ነገር «ክሬክትስ» ትባላለች። ማቃሰት ማለት ነው። በክላርኔትም በቫዮሊንም ትሠራለች። የድሮ ሠርግ ላይ ሙሽራዋን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ባድኽን የሚባለው ግጥም ገጣሚ እያስለቀሳት ቫዮሊኑ አብሮ ያለቅስ ነበር አለኝ። ከዚያ በኋላ ነው ጭፈራው። እኔም «ሙሽሪትን ማስለቀስ እኛም እናውቅበታለን» አልኩት።

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። አንድ ያገኘሁትን ነገር ላካፍላችሁ፤ ለሁለት ቀን እንቅልፍ ነስቶኛል። ዋናው ስኬላቸው ፍሬይጊሽ ይባላል። ከሲ ብንነሳ፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ቢ ፍላት። አሁን ኢን እና ቢ ፍላትን አውጡ። የቀረው ምንድን ነው? ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። አምባሰል! አምስቱም ኖታ እዚያ ውስጥ ተኝቷል። እኛ ከዲ ፍላት ወደ ኤፍ ዘለን እናልፋለን፤ እነሱ መሐሏ ላይ ኢን ያቆማሉ። ልምምድ ላይ አምባሰል ስጫወት የአኮርዲዮኑ ልጅ ሳይጠየቅ ገባ። ኢን ጨመረባት። እጄ ቆመ።

ማሲንቆ_ወዳጅ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡25

የኪቦርድ አምባሰልና የማሲንቆ አምባሰል አንድ አይደሉም። ማሲንቆው ዲ ፍላትህ ላይ አያርፍም፣ አጠገቧ ነው የሚቆመው። ኖታ መመሳሰሉ ዘመድ አያደርግም። ግን ያልከው ነገር ደስ ይላል፣ አልዋሽም።

ዲጄ_ጨለማ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

ወንድሜ፣ ያለኸው ፍራንክፈርት ነው፣ ጥያቄውን ደግሞ እዚህ ትጠይቃለህ? ዲጄው ሻንቴል እኮ የእናንተ ሰፈር ሰው ነው! አያቶቹ የቡኮቪና (አሁን ሮማኒያና ዩክሬን የተካፈሉት አገር) ሰዎች ናቸው። የአገሩን ሙዚቃ ፍለጋ ሄደ፣ ተመልሶ «ቡኮቪና ክለብ» ብሎ ክለብ ውስጥ ከፈተው። በ2007 የወጣው አልበሙ አውሮፓን አስጨፈረ። ናስ፣ ቤዝ፣ ቴክኖ። ማንም «ሰዎቹ የት ሄዱ» አላለውም፤ ሰዎቹ ዳንስ ፍሎሩ ላይ ነበሩ።

ባልካን ቢት ቦክስ ደግሞ አለ፤ ኒውዮርክ ላይ የተገናኙ እስራኤላውያን ናቸው የመሠረቱት። በ2013 ጄሰን ደሩሎ ዓለምን የዞረበት ዘፈኑ ላይ ያቺ የምትኮረኩር ሳክስፎን ከእነሱ የተወሰደች ናት። ሠርጋችሁ ላይ ሁላችሁም ጨፍራችሁባታል፣ ሳታውቁ።

ምክሬ፦ አትፍራ። ቤዙን ጨምር። የጂፕሲ ሙዚቃ ለፓርቲ የተፈጠረ ነው።

ቡዳፔስት_ነበርኩ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡50

ዲጄ፣ ሙያህን አከብራለሁ። መጨረሻ ላይ ያልካት ግን አላስቻለችኝም።

ቡዳፔስት ስድስት ዓመት ተምሬያለሁ። «ጂፕሲ» የሚለው ቃል ከግብፅ መጡ ከሚል ስሕተት የወጣ ነው። የመጡት ከሰሜን ሕንድ ነው፣ ቋንቋቸው ይመሰክራል። ብዙዎቹ ሮማ በሉን ይላሉ። «ለፓርቲ የተፈጠረ» ላልከው ደግሞ፦ የላውታሪዎቹ አያቶች በዋላኪያና በሞልዳቪያ (አሁን በአብዛኛው ሮማኒያ) ባሪያዎች ነበሩ። መኳንንቱና ገዳማቱ እንደ ከብት ይሸጧቸው፣ ይለውጧቸው ነበር። ነፃ የወጡት በ1850ዎቹ አጋማሽ ነው። ሲባሉ ይጫወታሉ፣ ሲባሉ ያቆማሉ። ደስ ብሏቸው የተጫወቱትም አለ፣ ግን ታሪኩ ፓርቲ አይደለም።

አሁን ወደ ኪቦርዱ ጥያቄ። «ሰዎቹ የት ሄዱ?» ያለው ሽማግሌ ስለ ሙዚቃ ብቻ አይመስለኝም።

በሰሜን ሮማኒያ ማራማሮሽ የሚባል አገር አለ። ተራራ ነው። ብዙ አይሁድ ይኖርበት ነበር። የራሳቸው ሙዚቀኛ ባጣ ሰፈር ለሠርጋቸው የሮማ ሙዚቀኞችን ይጠሩ ነበር። በ1944 የጸደይ ወራት አይሁዶቹን በባቡር ጭነው አውሽቪትዝ ወደሚባለው የናዚዎች የግድያ ካምፕ ወሰዷቸው። የተመለሰው ጥቂት ነው። ሮማዎችም አልተረፉም፤ በ1942 የሮማኒያ መንግሥት ወደ 25,000 የሚሆኑትን ከዲኔስተር ወንዝ ማዶ ወዳለው ትራንስኒስትሪያ አግዟል።

ከዚያ ሙዚቃው ማን ጋር ቀረ? ሙዢካሽ የሚባል የሃንጋሪ ባንድ ይኼን ብሎ ተነሣ። ድሮ ለአይሁድ ሠርግ ከሚጫወቱት ሁለት ሽማግሌ የሮማ ሙዚቀኞችን አገኙ፦ ቫዮሊን የሚጫወተው ጆርጄ ኮቫችና ፅምባሎም (በትናንሽ መዶሻ የሚመታ ባለ ብዙ ክር መሣሪያ) የሚመታው አርፓድ ቶኒ። ባለቤቶቹ ከጠፉ ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ ዜማውን በጣታቸው ይዘውት ነበር። አብረዋቸው ቀረጹና በ1993 አወጡት። ሌላ ሰው ሳይጠይቃቸው ቢሞቱ ኖሮ አብሮ ተቀብሮ ነበር።

እኔ ያንን ቅጂ ስሰማ ቫዮሊኑ አልፎ አልፎ ይስታል፣ ይዘገያል። ኳንታይዝ ብታደርገው ምን የምታጠፋ ይመስልሃል?

ዲጄ_ጨለማ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡02

እሺ፣ ቃሉን ተቀብያለሁ። ሮማ። ግን እኔም ልናገር። አንተ የምትለው ሙዚየም ነው። ወጣቱ ሙዚየም አይሄድም፤ ክለብ ይሄዳል። የሮማኒያውን ፋንፋሬ ቾካርሊያ እይ። ዜቼ ፕረዥኒ የምትባል የገጠር ቀበሌ ውስጥ ለሠርግና ለቀብር ይነፉ የነበሩ ገበሬዎች ናቸው። በ1996 አንድ የጀርመን የድምፅ ባለሙያ እግሩ ጥሎት ገባ። ከዚያ ዓለምን ዞሩ። በደቂቃ ከ200 ምት በላይ ይነፋሉ፣ ያለ ኮምፒውተር። ዲጄዎች ባያጫውቷቸው ግማሹ አውሮፓ አይሰማቸውም ነበር።

ቡዳፔስት_ነበርኩ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡11

እሱ እውነት ነው። ጥያቄዬ ገንዘቡ እነማን ኪስ ገባ ነው። መድረኩ ላይ ሮማ የሌለበት «የጂፕሲ ፓርቲ» ፖስተር ስንቴ አይቻለሁ።

ሐይፋ_ቡና | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡30

የስም ነገር ሲነሣ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኛን «ፈላሻ» ሲሉን የኖሩ ሰዎች «ክፉ አስበን አይደለም» ይሉ ነበር። ያደግንበት ስም አልነበረም፣ የተሰጠን ነው። ስለዚህ ሮማዎቹ በስማቸው ጥሩን ሲሉ እኔ ምክንያት አልጠይቅም።

ጋሼ_ሳክስ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡20

ተመለስኩ። ተጨቃጨቁ፣ ጥሩ ነው። እኔ ወደ ልጁ ቢት ልግባ።

አንደኛ፣ ቡልጋር ስምንት ምቶች አሉት፤ ሲመታ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት ሆኖ ነው የሚከፈለው። በጠረጴዛ ምታው፦ አንድ ሁለት ሦስት አንድ ሁለት ሦስት አንድ ሁለት። ያንተ ሃውስ ደግሞ አራት እኩል እግር ነው። ኪኩን (ትልቁን ከበሮ) በአራቱም እግር ላይ ስትመታ መሐለኛዋን ጠንካራ ምት ረገጥካት። ኪኩን ቀንስ። ቤዙ ሦስት ሦስት ሁለትን ይያዝ። የካሪቢያን ስልቶችም ይችኑ አካፋፈል ስለሚወዱ ከዚያ ወገን ቢት ብትሞክር ሳይሻልህ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ክሊኩን ለክላርኔቱ አትስጠው። መጀመሪያ ሽማግሌውና አኮርዲዮኑ ፊት ለፊት ተቀምጠው እየተያዩ ይጫወቱ። ቅረጻቸው። ከዚያ ቢትህን እነሱ ላይ አስተካክል። ላፕቶፑ ሰውን ይከተል እንጂ ሰው ላፕቶፑን አይከተል። ሥራው ይበዛብሃል፣ አውቃለሁ። እኔ ኳርቴት ውስጥ ስጫወት ድራመሩ ዘፋኟን አይቶ ነበር የሚዘገየው።

ሦስተኛ፣ ሆራ (ዘገም ያለው ጭፈራ) ከሞከራችሁ ተጠንቀቅ። በሦስት ነው የሚቆጠረው፣ ግን ሁለተኛው ምት ባዶ ነው። አንድ... ሦስት፣ አንድ... ሦስት። ባዶዋ ደግሞ እኩል አይደለችም። ታነክሳለች። የሮማኒያ ሽማግሌዎች እንደሚራመዱት ነው። እሷን በክሊክ ካቃናሃት ዋልስ ይሆንብሃል፣ የቪየና።

አራተኛ፣ ቢት የሌለበት ቦታ ተው። በዶይና ጀምሩ፣ አንድ ድሮን (ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ድምፅ) ብቻ ከሥሩ አኑር፣ ሽማግሌው እንደፈለገ ያቃስት። ሁለት ደቂቃም ቢሆን ይሁን። ቢቱ ሲገባ ያኔ ሰው ይነሣል። ዲጄዎች ይኼን ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ሶል_ብቻ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡00

የጋሼን ነገር በጆሮ መስማት ከፈለግክ ክላርኔተኛውን ዴቪድ ክራካወርን ስማ። ከሞንትሪያሉ ሶኮልድና ከፍሬድ ዌስሊ ጋር አንድ ባንድ ሠርተዋል። ፍሬድ ዌስሊ የጄምስ ብራውን ትሮምቦን ነው፤ ፈንክ ራሱ ማለት ነው። እዚያ ላይ ማንም ማንንም አላለሰለሰም። ፈንኩ ፈንክ ነው፣ ክላርኔቱ ያለቅሳል፣ መሐል ላይ ይገናኛሉ።

ሶኮልድ የሚገርም ነገር አለው፦ ከአሮጌ የዪዲሽ ሸክላዎች ቆርጦ ሂፕ ሆፕ ይሠራል። ሸክላው ሲንጫጫ፣ ዘፋኙ ሲተነፍስ ይሰማል፣ አያጸዳውም። አንተ ግን ሕያው ሰው ቀርጸህ ትንፋሹን አጠፋህበት። አትቀየመኝ።

ክሌዝማቲክስንም አትርሳ። በ1986 ኒውዮርክ ላይ ተመሠረቱ፣ ሮክም ጃዝም ጎስፔልም አስገቡበት፣ በ2007 ግራሚ ወሰዱ።

የመርካቶ_ጊታር | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡45

የሮማውን ጊታሪስት ጃንጎ ራይንሃርትን ማንም አላነሣውም? ካራቫኑ ተቃጥሎ ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት የተጎዳበት፣ በቀሩት ጣቶች ጃዝን ፓሪስ ላይ እንደገና የሠራው? በ1934 ከቫዮሊን ተጫዋቹ ግራፔሊ ጋር፣ ድራም በሌለበት ባንድ! ቢት የለም፣ ቢት አለ። ጊታሮቹ ናቸው ቢቱ። በቃ ይኼን ልል ነው፣ ቀጥሉ።

ማሲንቆ_ወዳጅ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡20

ባልካን ውስጥ ሠርግ ላይ ብር የሚለጥፉት ግንባር ላይ ነው አይደል? ቪዲዮ አይቼ የእኛ ሰርግ መስሎኝ ነበር። ነፊው ላቡ እየወረደ ብሩ ግንባሩ ላይ፣ ጥሩምባው አፍ ላይ።

ናፍቱሌ ብራንድዋይን የሚባል የድሮ ክላርኔተኛ ደግሞ ጣቱን እንዳያዩበት ጀርባውን ሰጥቶ ይጫወት ነበር ይባላል። የእኛ አዝማሪ ነው ያልኩት። ዘመድ አይደሉም ብዬ ነበር፣ ትንሽ አላላሁ።

ኪቦርድ_ፍራንክፈርት | ከሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 6፡30

ሰዎች፣ ተመለስኩ።

ጋሼ እንዳሉት አደረግኩ። ላፕቶፑን ዘጋሁት። ሁለቱን ወንበር ላይ ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው፤ ጉልበታቸው ሊነካካ ትንሽ ነው የቀረው። ማይክ ሁለት ብቻ። ሽማግሌው በዶይና ጀመረ። ልጁ አኮርዲዮኑን አንድ ኮርድ ላይ ይዞ ቀረ፣ ዓይኑን ከሽማግሌው ጣት አላነሣም። አንድ ቦታ ላይ ሽማግሌው ትንፋሽ ሊወስድ ሲያቆም ልጁ የዜማዋን ጭራ ይዞ ጨረሰለት። ሽማግሌው ቀና አለ። «ይኼን ከየት አወቅከው?» አለው። ልጁ አያቱ ሠርግ ላይ ትጫወተው እንደነበር፣ ስሙን ግን እንደማያውቀው ነገረው። ሽማግሌው በዪዲሽ ስሙን ነገረው። ልጁ በእነሱ ቋንቋ ሌላ ስም አለው አለ። ለግማሽ ሰዓት ልምምዱ ቆመ፤ ስለ ስሙ ይከራከራሉ። እኔ ማይኩን አላጠፋሁም።

ቤት ገብቼ ቢቱን ከሥር ገነባሁ። ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት። ሲፈጥኑ ፈጠንኩ፣ ሲዘገዩ ዘገየሁ። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። ኪኩን ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ነው ያስገባሁት። መሐል ላይ አምባሰሏን በክራር ድምፅ ስምንት ባር አስገባኋት። ማሲንቆ ወዳጅ፣ በኪቦርድ ነው፣ ይቅር በለኝ።

ዛሬ አሰማሁት። ሄድፎኑን አላወለቀም። ሲያልቅ «እንደገና» አለ። ሁለተኛው ላይ ቢቱ ሲገባ ፊቱን አጨማደደ፣ ግን እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ይመታ ነበር። አየሁት።

ዲጄ_ጨለማ | ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 6፡41

ፋይሉን ላክ እንጂ! አርብ ማታ አጫውተዋለሁ።

ኪቦርድ_ፍራንክፈርት | ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 6፡50

የእኔ ብቻ አይደለም። ነገ ሁለቱንም ጠይቄ እነግርሃለሁ። ፖስተሩ ላይ ምን እንደምትጽፍም መጀመሪያ ንገረኝ።